«እኔ ነኝ» አይበቃም

ሥራዬ አለማመን ነው፤
ደሞዝ የሚቆረጥልኝ፣
ሰው በሌሊት «እኔ ነኝ» ሲለኝ
«እኔ ማን?» እንድል ነው።

ቫልዲቪያ ዝናብ ነው።
ከምድር ቤት፣ ከእግሬ በታች፣ የዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒውተር
እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ያድራል፤
በግድግዳው ሽንቁር በሚወጣው ሙቀት
ካልሲዬ ይደርቃል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ጮኸ።
«ሲክስቶ፣ እኔ ነኝ።»
ሚሬያ ናት፤ ከቺሎኤ ደሴት፣ ከውኃው ማዶ።
ሁለት ዓመት በጆሮዬ የማውቃት፣
ፊቷን ግን አንድም ቀን ያላየኋት።

«ስልኬ ባሕር ገባ» አለች። «ጀልባው ላይ ጎንበስ ስል
ከኪሴ ሾልኮ ጥልቅ! አሁን በሩ ኮድ አምጪ ይለኛል፤
ኮዱ ደግሞ ስልኬ ላይ ነው፤ ስልኬን ዓሣ ይዞታል።»

ቀይ ማዕበል ነው የምታሰላው፤ መርዙ ወዴት እንደሚያደላ፣
የትኛው ዛጎል እንደሚገድል፣ የትኛው ነገ እንደሚበላ።
ጎህ ሳይቀድ ካልደረሰላቸው፣ አባቷ ኤራስሞና ጎረቤቶቹ
ወይ በግምት ይወጣሉ፣
ወይ በፍርሃት ይውላሉ።

«ድምፄን እኮ ታውቀዋለህ!»
አውቀዋለሁ። ምን ዋጋ አለው?
ባለፈው ሰኔ አንድ ሌባ በፕሮፌሰር ስም፣ በፕሮፌሰር ሳል
ባልደረባዬን አግባብቶ በሩን አስከፍቶታል።
የስንቱ ልፋት በአንድ ሌሊት ነጎደ፤
ልጁም ሥራውን ለቆ ወደ ሰሜን ሄደ።

«የይለፍ ቃሌን ልንገርህ?»
«እንዳትነግሪኝ!» ብዬ ጮህኩ፤
ራቁቷን በር የከፈተች ይመስል
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ይለፍ» ብለው ስም አወጡለት፤
ጊዜው ግን ራሱ አለፈበት።
ዛሬ ቃል ብቻውን በር አይከፍት።

«አሥር ቁጥሮች ነበሩ» አልኳት፣ «ለክፉ ቀን አትመሽ
አስቀምጪ ያልኩሽ።»
ዝም አለች። ከወዲያ ምድጃ ሲንጣጣ ሰማሁ።
«አባዬ!» አለች በመጨረሻ። «ጀርባው ላይ የመረብ ልክ ጽፎበታል፤
ጀልባው ጓዳ ቸንክሮታል።»

የአባቷን ስልክ ሳትዘጋው ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣች።
እኔ የሰው ቤት ስሰማ ቆየሁ፦
ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣
የሽማግሌ ማንኮራፋት፣
ውሻ አንዴ ጮኾ የተወው።
ይህ ሁሉ ውሸት ሊሆን አይችልም፣ አልኩ።
ደግሞም ይችላል፣ አልኩ።
ሥራዬ ነውና።

እያለከለከች ተመለሰች።
«ሦስተኛው በዝናብ ጠፍቷል። አራተኛውን ላንብብልህ?»
«ለእኔ አይደለም፣ ለበሩ።»
ስትጽፍ ሰማኋት፤ ቁጥር፣ ከዚያ ቁጥር፣
በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ እግር።

ከዚያ ከእግሬ በታች
የቀፎው ድምፅ ጨመረ።
ዋሻው ተከፍቷል፤ ከደሴቷ ምድጃ እስከዚህ ምድር ቤት፣
በባሕሩ ሥር ለሥር፣ ማንም አጮልቆ የማያይበት፣
እሷ ብቻዋን የምትራመድበት።

«ሚሬያ» አልኳት ያኔ።
በዚያ ሌሊት ስሟን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።
«አውቀኸኝ ነበር፣ አይደል?»
«ገና ‹ሲክስቶ› ስትዪ።»
ሰደበችኝ፤ ለባሕር ሰው ብቻ በሚገባ ስድብ።
እየሳቀች ዘጋችው።

ጀልባዎቹ ይውጡ ይቅሩ አላውቅም።
ውጤቱን ለማየት ፈቃድ የለኝም።

ቤቴ ስደርስ ነግቷል፤ ቁልፌን ቢሮ ረስቻለሁ።
አንኳኳሁ።
«ማነው?» አለች ኔልዳ፣ ከእንቅልፏ ሳትወጣ።
«እኔ።»
ከፈተች። እኔ ማን፣ ሳትል፤
ፀጉሯ ተንጨብርሮ፣ አንድ ዓይኗን ብቻ ገልጣ።
«እንዲህ እኮ አይከፈትም!» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤
ካልሲዬ ግን እንደገና ርሶ ነበር።